«ከመደበኛ በላይ» የሚለው ትንበያ ለአቃቂ ገበሬ ምን ይነግረዋል?

በየዓመቱ ክረምቱ ሊገባ ሲል የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅቱን ትንበያ ይፋ ያደርጋል። አገሪቱ በካርታ ላይ ትከፋፈልና ይኼኛው አካባቢ «መደበኛ»፣ ያኛው «ከመደበኛ በላይ»፣ ሌላው ደግሞ «ከመደበኛ በታች» ዝናብ የማግኘት ዕድል እንዳለው ይነገራል። ኢንስቲትዩቱ ስለ ክረምቱ አገባብና አወጣጥም ይናገራል፤ በየአሥር ቀኑም መረጃ ያወጣል። ወደ ሕዝብ ጆሮ ደርሶ የሚቀረው ግን ያ ሦስት ቦታ የተከፈለ ፍርድ ነው፦ ዝናቡ ይበዛል፣ ያንሳል፣ ወይም እንደ ወትሮው ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ሜዳ ላይ ጤፍና ሽምብራ ለሚዘራ ሰው ይህ ፍርድ የሚያስፈልገውን ግማሹን እንኳ አይነግረውም። ክረምቱ በድምሩ መደበኛ ሆኖ ማሳው ባዶ ሊቀር ይችላል። በአምስት ቀን ተከፋፍሎ መውረድ የነበረበት ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ድምሩ ያው ነው። ሰኔ ላይ የቀረው ዝናብ ጥቅምት ላይ ቢመጣም የዓመቱ ድምር አይጎድልም። የጎደለው ግን ሰብሉ ነው። የአቃቂ ገበሬ ችግር ያለው ድምሩ ውስጥ ሳይሆን ቀኑ ውስጥ ነው፤ የምንለካው፣ የምንተነብየውና የምናቅደው ግን ዛሬም በአብዛኛው በድምር ነው።

ስለ አዲስ አበባ አየር የተጻፉ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ። ዴክላን ኮንዌይ፣ ካትሪን ሙልድና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ወልደአምላክ በውቀት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ የከተማዋን ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የዘለቀ መዝገብ መርምረዋል። የዝናቡ መዝገብ ከ1898 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ዓመታዊው የዝናብ መጠን ግልጽ የሆነ የመጨመርም ሆነ የመቀነስ አዝማሚያ አላሳያቸውም። የሙቀቱ ነገር ግን ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2002 ባለው ጊዜ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲጨምር፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በ0.4 ገደማ ጨምሯል። ሌሊቱ ከቀኑ በእጥፍ ፍጥነት ሞቋል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከተማዋ ራሷ በአስፋልቷና በግንቧ ያመጣችው ሙቀት ድርሻ አለው፤ ቢሆንም የአገሪቱም መዝገብ አቅጣጫው ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2003 በኢትዮጵያ «ሞቃት» ተብለው የሚመደቡ ቀኖች በዓመት በ73፣ ሞቃት ሌሊቶች ደግሞ በ137 ጨምረዋል።

ድምሩ ያልተነቃነቀ፣ ሌሊቱ የሞቀ፣ አወራረዱ የተዛባ አየር በአቃቂ መሬት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሠራ ለማየት አፈሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

የአቃቂ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ወይና ደጋ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ መረሬ የሚሉት፣ ሸክላነቱ የበዛ። በበጋው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሰው እጅ እስከ ክንድ የሚያስገባበት ቦታ አለ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው በስንጥቁ በኩል ውኃውን ይጠጣል፤ ከጠጣ በኋላ ያብጥና ስንጥቁን ራሱ ይደፍነዋል። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ዝናብ መግቢያ አጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል። ሐምሌ ላይ በሬው የረገጠበት ሁሉ ውኃ ያቁራል፤ ማረሻው ጭቃ ተለብጦ ይወጣል፤ ገበሬው በየጥቂት እርምጃው ቆሞ በእጁ ይጠርገዋል። መረሬ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ማጥ ነው። ለማረስ የሚመችበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ቀኖች ብቻ ናቸው። ያችን ቀን ያጣ ገበሬ በዚያ ዓመት ሌላ አያገኝም።

የአካባቢው የአዝመራ ሥርዓት የተሠራው በዚህ አፈር ጠባይ ነው። ጤፍ የሚዘራው መሬቱ ከራሰ በኋላ፣ ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ ነው። ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ግን ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይዘራሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠብታ ባይወርድ እንኳ አፈሩ በሆዱ በያዘው እርጥበት አብበው፣ እሸት ይዘው፣ ጥር ላይ ይደርሳሉ። ይህ ብዙ ትውልድ የፈተነው ብልሃት ነው፤ ለውኃ የሚያስቸግረውን አፈር ወደ ውኃ ማከማቻ የለወጠ ጥበብ ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው አባባል ለከተማ ልጅ የጨዋታ ቃል ይሆናል፤ ለሽምብራ ዘሪ ግን ቀጠሮ ነው። ነሐሴ 13 ካለፈ ዝናቡ እየሳሳ፣ ሰማዩ እየጠራ ይሄዳል፤ እሱም ዘሩን ያዘጋጃል።

ይህ ቀጠሮ አሁን በሁለቱም ጫፍ ይፈርሳል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባ ሲባል ይጠፋል፤ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይሆናል፤ ቀድሞ የተዘራው ዘር በቅሎ ይጠወልጋል። ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባና አካባቢው የዓመቱን ዝናብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን የሚያወርዱ ወራት ናቸው፤ በእነዚህ ወራት ዝናቡ በተከታታይ ከመውረድ ይልቅ በአንድ ቀን ሲዘረገፍ፣ ማሳው ላይ የቆመው ውኃ የጤፉን ሥር አየር ነስቶ ቢጫ ያደርገዋል። ገበሬው ከቀናት በፊት የበተነው ዩሪያ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ የቀረውም በረግረጉ ውስጥ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይተናል። የማዳበሪያ ዋጋ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው የዚያች የአንድ ቀን ዝናብ ክፍያ ስንት እንደሆነ ይገባዋል።

መስከረም ላይ ዝናቡ አልወጣ ሲል ሽምብራውና ምስሩ ይበሰብሳሉ፤ በቶሎ ሲወጣ ደግሞ አፈሩ የሚያቆየው እርጥበት ሳይጠራቀም ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ኅዳር ላይ የሚመጣው ነው። ጤፉ ደርሷል፤ ወይ ቆሟል፣ ወይ ታጭዷል፣ ወይ ተከምሯል። በዚህ ጊዜ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የቆመውን አጋሽቦ መሬት ላይ ያስተኛዋል፤ የታጨደውን ያጠቁረዋል። የአቃቂና የአድአ ጤፍ ስሙ የገነነው በነጭነቱ ነው። ማኛ ተብሎ የሚሸጠው ጤፍ ሁለት ቀን ዝናብ ከመታው ማኛ መባሉ ይቀራል፤ ገበያ ላይ የሚቀበለው ሰው ከጆንያው ቆንጥሮ መዳፉ ላይ አድርጎ ያየዋል፣ ዋጋውንም እዚያው ይቆርጠዋል። ኪሎው ሳይጎድል የዓመት ገቢ ይጎድላል። ይህ ኪሳራ በምርት መጠን ሪፖርት ላይ አይታይም፤ ሪፖርቱ የሚቆጥረው ኩንታል ነውና።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የሆነው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ወቅት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቃዊው እጅግ ሞቆ ነበር፤ የሁለቱ ልዩነት ከተመዘገቡት ሁሉ ከጠንካራዎቹ አንዱ ሆነ። ያ ሙቀት ለምሥራቅ አፍሪካ የመኸር ወራት ከባድ ዝናብ ላከ፤ በእኛም አገር በአጨዳ ወቅት ዝናብ ወረደ። ከዚያ በፊት በ2007 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ተቃራኒው ሆኖ ነበር። የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ያመጣው ኤል ኒኞ ክረምቱን አሳጣ፤ በ2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ሁለቱ ዓመታት የሚራራቁት በጥቂት ዓመት ነው፤ አንዱ በማጣት፣ አንዱ ያለጊዜው በመምጣት ጎድቷል። የሁለቱን አማካይ ብንወስድ ምናልባት «መደበኛ» እናገኛለን።

ይኸው «መደበኛ» የሚባለው ራሱ የሠላሳ ዓመት አማካይ ነው፤ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አሁን የሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለውን ነው። አየሩ በየአሥር ዓመቱ እየሞቀ ሲሄድ መለኪያውም አብሮት ይሄዳል። አያቱ መደበኛ ያለውን ክረምት የልጅ ልጁ ላያየው ይችላል፤ ካርታው ላይ ግን ቃሉ ያው ነው።

ስለ ሌሊቱ ሙቀት ጥቂት ልቆይበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ነውና። ዝናብን ሁሉም ያያል፤ የሌሊት ሙቀትን ማንም ጎርፍ አይለውም። ነገር ግን ሽምብራው የሚኖረው አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ነው ብለናል። ቀኑም ሌሊቱም በሞቀ ቁጥር ያ እርጥበት ከአፈሩም ከቅጠሉም ቶሎ ይተናል። ጥር ድረስ ሊበቃ የሚገባው ታኅሣሥ ላይ ያልቃል፤ ፍሬው ሳይሞላ ሰብሉ ይደርቃል። ሞቃት ሌሊት ተክሉ ቀን የሠራውን ስኳር ሌሊት እንዲያቃጥል ያደርገዋል። እሸቱን እየበሳ የሚበላው ትልም ከብርድ ይልቅ በሙቀት ይራባል።

ታዲያ ውርጭ ቀርቷል ማለት አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ሲጠራ ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ያለከልካይ ይወጣል፤ ከእንጦጦና ከፉሪ ከፍታዎች የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሜዳው ላይ ይተኛል። የአንድ ሌሊት ውርጭ የአበበ ምስር ለማቃጠል ይበቃል። አማካዩ እየሞቀ መሄዱ ያችን አንዲት ሌሊት አያስቀራትም። እንዲያውም በሞቃቱ ወቅት ቶሎ ያበበ ሰብል ውርጩን የሚያገኘው ለስላሳ ሆኖ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት በማንኛውም የሸዋ መረሬ ላይ የሚሆን ነው። አቃቂን ከሌላው የሚለየው ከራሱ ሰማይ በማይወርድ ውኃ ጭምር መጠቃቱ ነው። ከላዩ አዲስ አበባ አለች። በምሥራቅ ትልቁ አቃቂ ቀበናንና ቡልቡላን ተቀብሎ ይወርዳል፤ በምዕራብ ትንሹ አቃቂ የገፈርሳን አቅጣጫ ውኃ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ የተሠራችው በዚህ ተዳፋት ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ 5,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። ያው ዝናብ በአስፋልትና በጣሪያ በተሸፈነ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ከተማ ላይ ሲወርድ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ድሮ ሣርና አፈር ይጠጣው የነበረው ይህ ውኃ አሁን በየቱቦው ተጣድፎ ወንዝ ይገባል። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓናል እንደሚለው ምድር በአንድ ዲግሪ በሞቀች ቁጥር አየር የሚሸከመው እርጥበት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከባድ ዝናቦችም በዚያው መጠን ይከብዳሉ። ስለዚህ ሰማዩ የሚጨምረውን ከተማዋ ታባዛዋለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወረደ ዝናብ 7 ሰዎች ገድሏል። ከተማው ውስጥ ጎርፉ ሲያልፍ ዜናው ያበቃል፤ ውኃው ግን መንገዱን ገና መጀመሩ ነው። ክረምቱ ሲያይል የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ሞልተው ትርፉ ይለቀቃል፤ ይህም ወደዚያው ወደ አቃቂ ነው።

ጎርፉ ንጹሕ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። በወንዙ ዳርና ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ የከተማው ገበያ ከሚያገኘው አትክልት የእነሱ ድርሻ ቀላል አይደለም። ወንዙ ሲሞላ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻና የጋራዥ ዘይት መደቡ ላይ ያሰፍናል። በበጋው ደግሞ ወንዙ ሲያንስና ቀኑ ሲሞቅ፣ ገበሬው በሞተር ስቦ የሚያጠጣው ያንኑ የወፈረ ፍሳሽ ነው። በአካባቢው አትክልት ላይ ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች መገኘታቸው ከሃያ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ መስፋፋቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በዝናብ ቀን በመንገድ ላይ የሚፈሰውን ግን ማጣሪያ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተገነባው፣ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ለዓመታት ከቆመ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሏል፤ ሐይቁ ግን ከላይ የሚመጣውን ደለልና እምቦጭ መቀበሉን አላቆመም።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአዲስ አበባ የወንዞች ዳርቻ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ነበር፤ የተገመተለት ወጪም 29 ቢሊዮን ብር ነበር። በላይኛው ክፍል ብዙ ተሠርቷል፤ ያማረም ነው። የወንዝን ዳርቻ ማስዋብ ግን ጎርፍን ከማዘግየት ጋር አንድ አይደለም። በድንጋይ የተገነባ ዳርቻ ውኃውን ያፈጥነዋል፤ የፈጠነው ውኃ የሚያርፍበት ደግሞ የታችኛው ሜዳ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ፕሮጀክት ዋጋ መመዘን ያለበት ላይ በሚታየው ውበት ብቻ ሳይሆን አቃቂ በሚደርሰው የውኃ መጠንና ጥራት ጭምር ነው።

አንዳንዶች «አቃቂ እኮ ከተማ ሆኗል፤ እርሻው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ስለ እሱ መጨነቅ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ትላንት ሽምብራ የነበረበት መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም፣ መጋዘንና ፋብሪካ ነው። ኮዬ ፈጬን ያየ ሰው ይህን አይክድም። ግን ጥቁሩ አፈር በክፍለ ከተማው ድንበር አያበቃም። በገላን፣ በዱከም፣ እስከ ቢሾፍቱ ይቀጥላል፤ አቃቂ ላይ ዛሬ የሚሆነው ከተማዋ በሰፋች ቁጥር እዚያም ይሆናል። ደግሞም አዲስ አበባ ከአቃቂ የምትወስደው ጤፍና ጎመን ብቻ አይደለም፤ የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች የከተማዋን ቧንቧ ከሚሞሉት ዋና ምንጮች ናቸው። ያ ውኃ የሚተካው ቀስ ብሎ ወደ ምድር በሚሰርግ ክረምት ነው። ተጣድፎ የሚያልፍ ዝናብ መሬቱን አጥቦ ይሄዳል እንጂ ጉድጓዱን አይሞላም።

መፍትሔው ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች በተመሳሳይ ጥቁር አፈር ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰልፎ በእጅ ከፍ ያለ መደብ እያበጁ፣ በመካከሉ ቦይ እያወጡ ውኃውን ማጠንፈፍ ከጥንት ያውቁበታል። ይህንን ልምድ አይተው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ፤ ገበሬው ቢቢኤም የሚለው ነው። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከአቃቂ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ቶሎ የሚደርሰውን ፀደይ የተባለውን የጤፍ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ቁንጮን ደግሞ በ2006 ያወጣው ይኸው ማዕከል ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ በእጁ ያለ ገበሬ ዓመቱን አያጣም። ዝርያው አለ፣ መሣሪያው አለ፤ የሌለው ገበሬው የትኛውን በየትኛው ሳምንት እንደሚጠቀም የሚወስንበት የአካባቢ መረጃ ነው። ቦሌ ላይ የወረደ ዝናብ አቃቂ ላይ ላይወርድ እንደሚችል ማንም የከተማ ነዋሪ ያውቃል፤ ከአንዱ ሰፈር ዣንጥላ ይዘን ወጥተን ሌላው ሰፈር አቧራ የምናገኝ ሰዎች ነን። ገበሬውን ግን በሩቅ ጣቢያ ድምር እንዲዘራ እንጠብቅበታለን።

የዝናብ መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ መስፈሪያ፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚያነብ አንድ ታማኝ ሰው ይበቃዋል። በአቃቂ ቃሊቲ በእያንዳንዱ ወረዳ፣ ከከተማው ወሰን ባሻገርም በገላንና በዱከም ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ግቢ ቢተከል፣ ንባቡም በየቀኑ በስልክ መልእክት በአማርኛና በኦሮምኛ ለገበሬው ቢደርስ፣ «ከመደበኛ በላይ» የሚለው ቃል ያኔ ትርጉም ያገኛል። የሰብል መድንም፣ ዛሬ በአብዛኛው ድርቅን ብቻ እያሰበ የሚሠራው፣ የአጨዳ ወቅት ዝናብን የሚመዝንበት ማስረጃ ያገኛል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው። ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ በትንበያው ላይ የዝናቡን መጠን ብቻ ሳይሆን የደረቅ ሳምንቶችንና የከባድ ዝናብ ቀኖችን ሥጋት በአቃቂ ደረጃ አውርዶ ይንገር። የከተማው አስተዳደር ከላይ የሚገነባው እያንዳንዱ ትልቅ ሕንፃ የጣሪያውን ውኃ በግቢው እንዲይዝ ያስገድድ፤ ግድብ ሲለቀቅም ለታችኛው ገበሬ ቀድሞ ይድረሰው። የግብርና ባለሙያዎች ደግሞ በኅዳር ዝናብ የጠቆረውን ጤፍ እንደ ጠፋ ምርት ይመዝግቡት። ይህ ሁሉ ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።